ስለ ቈርቈሮ ጣራ፤ የዘር ጎተራ ከፀሐይና ከጤዛ የሚጠበቅበት ልብስ እንዴት እንደሚመረጥ

ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ በሩ ነው፤ ጣራው ግን ዝናም ካላስገባ ሥራውን ፈጽሟል ተብሎ ይተዋል። ሰው በሚኖርበት ቤት የዚህ አሳብ ስሕተት ቶሎ ይገለጣል። ቤቱ በቀትር የጋለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ በሌሊት የበረደ እንደ ሆነም ጋቢውን ይደርባል። በጎተራ የተቀመጠ ዘር ግን ወደ ጥላ የሚወጣበት እግር፥ የሚደርበውም ጋቢ የለውም። ጣራው የሚያደርስበትን ጕዳት ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ክሱንም የሚያሰማው ገበሬው በሐምሌ ከዘራው በኋላ ሳይበቅል በመቅረቱ ነው። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ በዝናሙ ወይም በመሬቱ ይመካኛል እንጂ ጣራውን የሚጠረጥር ሰው አይገኝም።

ቈርቈሮ በአገሩ ሁሉ የተስፋፋው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጭን ብረትን በመኪና እየሸነሸኑ ለጣራ የሚሆን ጠንካራ ዝርግ የማድረጉን ብልሃት በ1829 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በሎንዶን በስሙ አስመዘገበ። ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ፥ ይልቁንም የጂቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፥ ከከተማ ወደ ገጠር እየሰፋ ሄደ። ቈርቈሮ በእሳት አይነድም፤ ወፍና አይጥ ገብተው ጎጆ አይሠሩበትም፤ በየጊዜው ሣር ማጨድንም አይጠይቅም። ስለዚህ በየወረዳው የሚሠሩት የዘርና የእህል መጋዘኖች በቈርቈሮ መከደናቸው ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን ቈርቈሮው ከተመታ በኋላ ሥራው እንዳለቀ ተቈጥሮ፥ ከሥሩ ምንም ሳይለበስ ዘሩ ወዲያው መግባቱ ነው።

ቈርቈሮ ዝናምን ለመከልከል የተሠራ እንጂ ሙቀትንና ብርድን ለመከልከል የተሠራ አይደለም። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ያውም ቢሆን ብረት ነው። በእኩል ውፍረት ቢነጻጸሩ ብረት ከሣር ክዳን ይልቅ ከ500 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋል። በቀትር ፀሐይ የተመታ ቈርቈሮ፥ ይልቁንም አርጅቶ የዛገው፥ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። እንዲህ የጋለ ጣራ እንደ ምጣድ ሆኖ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቅቃል፤ ከሥሩ እስከ ጣራው ድረስ ተቈልሎ የተቀመጠው ጆንያም ያንን ሙቀት ቀኑን ሙሉ ሲቀበል ይውላል።

በዚህ ላይ የወራቱን አቈጣጠር ማስተዋል ይገባል። ጤፉና ስንዴው በታኅሣሥና በጥር ተወቅቶ ይገባል፤ የሚዘራው ግን በሰኔና በሐምሌ ነው። በመካከል ያሉት የካቲት፥ መጋቢት፥ ሚያዝያና ግንቦት በብዙው አገር ፀሐይ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። እንግዲህ ዘር በጎተራ የሚተኛው ጣራው እጅግ በሚግልበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህም ማንም ሰው አስቦ ያደረገው ሳይሆን የእርሻው ሥርዓት ራሱ ያመጣው ስለ ሆነ፥ ጊዜውን መለወጥ አይቻልም፤ ጣራውን ማሻሻል ግን ይቻላል።

የሙቀቱ ጕዳት ምን ያህል እንደ ሆነ የዘር ሊቃውንት መርምረው አንድ ቀላል ሕግ አውጥተዋል። ሀሪንግተን የሚባለው የአሜሪካ የዘር ሊቅ እንደ ገለጠው፥ የተቀመጠው ዘር ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቍጥር የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል፤ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም ከመቶ አንድ እጅ በቀነሰ ቍጥር እንዲሁ ዕድሜው በእጥፍ ይረዝማል። ሕጉ ግምት እንጂ እንደ ወርቅ ሚዛን የተጣራ ባይሆንም፥ ለጎተራ አሠራር የታመነ መሪ ነው። ለምሳሌ በአማካይ በ20 ዲግሪ ተቀምጦ 24 ወር በሕይወት የሚቈይ ዘር ቢኖር፥ አማካዩ ሙቀት 30 ዲግሪ የሆነ እንደ ሆነ ዕድሜው ሁለት ጊዜ በግማሽ ይቀነስና 6 ወር ይሆናል። ከጥር እስከ ሐምሌ ያለው ጊዜም 6 ወር ነው። እንግዲህ በቀዝቃዛ ጎተራ ቢቀመጥ ለሚመጣውም ዓመት ሊተርፍ የሚችለው ዘር፥ በጋለው ጎተራ ከመዝሪያው ቀን እንኳ በጭንቅ ይደርሳል።

ሙቀቱ ዘሩን ብቻ አያደክምም፤ ጠላቱንም ይመግባል። ነቀዝና እርሱን የመሰሉት የጎተራ ተባዮች ከ25 እስከ 33 ዲግሪ ባለው ሙቀት እጅግ ይራባሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን መራባታቸው ይቆማል ለማለት ያስደፍራል። የደጋው አገር ቅዝቃዜ ለጎተራ ያለ ዋጋ የተሰጠ ጠባቂ ሆኖ ሳለ፥ ባዶ ቈርቈሮ ያን ጠባቂ አባርሮ ለነቀዝ የሚመቸውን ሙቀት በቀን በቀን ያስገባል።

ሁለተኛው የቈርቈሮ ጕድለት የሌሊት ነው፤ ይህም ከቀኑ ይልቅ የተሰወረ ስለ ሆነ የበለጠ ያታልላል። ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቈርቈሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅቅና በዙሪያው ካለው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። በጎተራው ውስጥ ያለው አየር ከእህሉ የተነሣ እርጥበት ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውን ብረት የነካ ጊዜም እርጥበቱ ወደ ውሃ ተለውጦ እንደ ላብ ይንጠባጠባል። የመጋዘን ጠባቂ በጧት ገብቶ በላይኛው ጆንያ ላይ ጠብታ ቢያይ ጣራው ያፈሰሰ ይመስለዋል፤ ሠራተኛ ጠርቶም ሚስማሩን ያስመረምራል፤ ቀዳዳ ግን አይገኝም። ዝናም በሌለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ጣራ ከውስጥ ሲያንጠባጥብ የታየ እንደ ሆነ፥ ይህ የቈርቈሮው ላብ እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። እህል ለመቀመጥ እርጥበቱ ከመቶ 12 ወይም 13 እጅ ባይበልጥ ይሻላል፤ ከ14 ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሻጋታ ይይዘዋል። በየሌሊቱ የሚንጠባጠበው ጥቂት ውሃ የላይኛውን ጆንያ ከዚህ ወሰን ለማሳለፍ ይበቃዋል፤ የሻገተውም ጆንያ ሌላውን ያበላሻል።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ «እንግዲያውስ ወደ አባቶች የሣር ክዳን መመለስ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። በእርግጥ የሣር ክዳን ከሙቀትና ከብርድ በመከላከል ረገድ ከባዶ ቈርቈሮ እጅግ ይበልጣል፤ በሣሩ መካከል የተያዘው የረጋ አየር ሙቀትን አያሳልፍምና። የገጠሩም ሰው ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ፥ በጭቃ መርጎ፥ በሣር መክደኑ ታላቅ ዕውቀት ነበር። ዳሩ ግን ሣሩ ራሱ ብርቅ እየሆነ ሄዷል። በመንዝ ከፍተኛ ምድር የሚገኘው ለክዳን የታወቀው የጓሳ ሣር እስከ ዛሬ የቈየው የአገሩ ሰዎች ሥርዓት አውጥተው፥ መሬቱን ለዓመታት እየከለከሉ በተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲታጨድ ስላደረጉ ነው። እንዲህ ያለ ጥበቃ በሌለበት ስፍራ ግን የሣሩ መሬት ታርሷል፤ የቀረውም በከብት ተግጧል። ከዚህም በቀር ሣር በእሳት ይነዳል፤ በየጥቂት ዓመቱም መታደስን ይፈልጋል። የብዙ ገበሬ ዘር በአንድነት በሚቀመጥበት መጋዘን ላይ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ የወረዳውን ሁሉ ተስፋ ታጠፋለች። ስለዚህ ቈርቈሮውን አንሥቶ ሣር መክደን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት መሆን ነው። የሚሻለው ቈርቈሮውን በስፍራው ትቶ ከሥሩ ልብስ ማልበስ ነው።

ስለዚህ ልብስ ምርጫ ግን ብዙ ስሕተት ይደረጋል፤ ከሁሉ የሚከፋውም ልብሱን ከቈርቈሮው ጋር አጣብቆ መስፋት ነው። በእንግሊዝ አገር ሰዎች ከቤታቸው ጋር አያይዘው ጣራው መስተዋት የሆነ ክፍል ይሠራሉ፤ ክፍሉም በበጋ እንደ ምድጃ ይግላል፥ በብርድ ወራትም እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ይህን ለማሻሻል ባለቤቶቹ ከመስተዋቱ ሥር ሙቀት ከልካይ ነገር አድርገው በኮርኒስ ይሸፍኑታል። አየር የሚተላለፍበት ክፍተት ሳይተዉ የሸፈኑት እንደ ሆነ ግን፥ ከክፍሉ የሚወጣው እርጥበት በልብሱና በቀዝቃዛው መስተዋት መካከል ተይዞ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ልብሱን ያርሳል፤ እንጨቱንም ያበሰብሳል። ስለዚህ የዚያ አገር ግንበኞች ከልብሱ በላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አየር የሚመላለስበት ክፍተት እንዲተው ይመክራሉ። መስተዋትና ቈርቈሮ በመልክ ቢለያዩም፥ ሁለቱም ቀጭኖች ስለ ሆኑና ሁለቱም በሌሊት ፈጥነው ስለሚቀዘቅዙ ጠባያቸው አንድ ነው። ውሃ ደግሞ ከረጋ አየር ይልቅ ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋልና፥ የራሰ ልብስ ምንም ያህል ዋጋ ቢወጣበት ልብስ መሆኑ ቀርቷል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ከቈርቈሮው በታችና ከልብሱ በላይ ከ5 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ፥ ቢቻልም ከዚያ የሰፋ ክፍተት ይተው። አየሩም ከጣራው ክፈፍ ገብቶ በጣራው ጫፍ እንዲወጣ በሁለቱም ወገን መተንፈሻ ይደረግለት። መተንፈሻው ወፍና አይጥ እንዳያስገባ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን፤ ዝናምም እንዳይገባበት ከላዩ ቆብ ይደረግበት። በቀን የጋለው አየር በጫፉ ይወጣል፤ በሌሊት የሚመጣውም እርጥበት ሳይጠራቀም ይበተናል። ይህን ያላደረገ ሰው የቱንም ያህል ውድ ልብስ ቢገዛ ገንዘቡን ለሻጋታ ገብሯል።

ከዚህ በኋላ የልብሱ ዓይነት ይመረጣል። በገበያ የሚገኘውን የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ሽፋን ብዙዎች ይወዱታል፤ ቀላልና ለመሥራት የሚመች ነውና። ይሁን እንጂ ይህ ሽፋን የሚጠቅመው የሚያብለጨልጨው ወገን ከአየር ክፍተት ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ከቈርቈሮው ጋር የተጣበቀ እንደ ሆነ ሙቀቱ በመንካት ያልፋልና ጥቅሙ እጅግ ያንሳል። አቧራ የተኛበትም እንደ ሆነ ኀይሉ ይደክማል፤ ስለዚህ የሚያብለጨልጨው ፊት ወደ ታች፥ ወደ ክፍተት ቢመለከት ይሻላል። በሁለት ቈርቈሮ መካከል ፎም ያለበት ጣራ ደግሞ ሙቀትን በመከልከል የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አይጥ ይቦረቡረዋል፤ በእሳት የተያዘ እንደ ሆነም መርዝ ያለበት ጢስ ያወጣል። እንዲህ ያለው ጣራ ማቀዝቀዣ መኪና ላለው ትልቅ መጋዘን እንጂ ለቀበሌ ጎተራ አይደለም።

በአገር ውስጥ ከሚገኘው ነገር ደግሞ የቀርከሃ ምንጣፍ ኮርኒስ ሊመሰገን ይገባዋል። በአዊና በሲዳማ ደጋዎች ቀርከሃ የሚበቅል ስለ ሆነ ጠላፊዎቹም በዚያው ይገኛሉ፤ ቀርከሃው ግን በሚገባ የደረቀ ይሁን፤ ያለዚያ ትል ይበላዋል። በምንጣፉ ላይ በጭድ የተለወሰ ጭቃ ተመርጎ ከደረቀ በኋላ ለሙቀት ጥሩ መከላከያ ይሆናል፤ ጭዱም በጭቃ ስለ ተሸፈነ በቀላሉ አይነድም፥ አይጥም በቀላሉ አያገኘውም። ዳሩ ግን 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንዲህ ያለ ምርግ በአንድ ካሬ ሜትር ከ50 ኪሎ የማያንስ ክብደት አለው። ስለዚህ ወራጁና ማገሩ ሊሸከመው እንዲችል አናጢ አስቀድሞ ሳይመረምረው ማንም አይጀምረው፤ ጣራው ደካማ የሆነ እንደ ሆነም ምርጉ ይሳሳ፥ ወይም ምንጣፉ ብቻ በሁለት ድርብ ይደረግ። ምስጥ የሚበዛበት አገር ከሆነም እንጨቱ ሁሉ አስቀድሞ ይጠበቅ።

ከሁሉ ርካሽ የሆነው ደግሞ የኖራ ቅብ ነው። ነጭ ጣራ በላዩ ከወደቀው የፀሐይ ብርሃን ከግማሽ የሚበልጠውን ይመልሳል። የአውሮፓ አትክልተኞች የመስተዋት ቤታቸውን ጣራ ፀሐይ በሚበረታበት ወራት በኖራ ይቀቡታል፤ ዝናሙም በመጣ ጊዜ ቅቡን ያጥበዋል፤ ያን ጊዜም ጥላው አያስፈልግምና ጕዳት የለውም። በኢትዮጵያም በየካቲት የተቀባ ጣራ የበጋውን ፀሐይ ተከላክሎ በክረምቱ ዝናም ቢታጠብ ሥራውን ፈጽሟል። ከጣራው ውሃ የሚጠራቀም ቢሆን ግን የመጀመሪያው ዝናም ውሃ ሳይጠራቀም ይፍሰስ። ኖራ በአዲስ ቈርቈሮ ላይ በደንብ እንደማይዝ፥ የሌሊቱንም ላብ ከቶ እንደማይከለክል መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ረዳት እንጂ ብቻውን የሚበቃ አይደለም።

አሁን ዋናው ጕዳይ ይመጣል። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ለመጋዘን ሁሉ አንድ ዓይነት ሽፋን በአንድ ጊዜ ተገዝቶ ለየወረዳው ቢከፋፈል ሥራው ይቀልላል የሚል አሳብ አለ። ለግዢውና ለሒሳቡ ሥራ እንዲህ ማድረጉ ይቀልል ይሆናል፤ ለዘሩ ግን አይበጅም። በደብረ ብርሃን፥ ከ2,700 ሜትር በላይ ባለው አገር፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ያለበት ነው፤ በዚያ የሚፈራው ይልቁንም የሌሊት ላብ ስለ ሆነ ሰፊ መተንፈሻና እርጥበት የሚጠጣ ኮርኒስ ይሻላል፤ የቀኑንም ሙቀት እርሱው ይከለክላል። በሁመራና በመተማ ቆላ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ የውጪው አየር ራሱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚያ በበጋ የላብ ነገር እምብዛም ሳይሆን የፀሐይ ነገር ነው። ለቆላው ጎተራ ነጭ ጣራ፥ ወፍራም ኮርኒስ፥ ረጅም ክፈፍና ከኮርኒሱ በላይ ሰፊ መተንፈሻ ይገባዋል፤ የጎተራው በርና መስኮትም በቀን ተዘግቶ በሌሊት መከፈት ይኖርበታል። የድንች ዘር ማስቀመጫ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ድንቹ እንዳይሞት የቀጥታ ፀሐይ አይንካው፥ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ እንዲሆን ግን ከጎን የሚገባ ለስላሳ ብርሃን ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንድ ዓይነት ልብስ ለደጋውም ለቆላውም፥ ለስንዴውም ለድንቹም እንዴት ሊበቃ ይችላል? ጋቢ የሚያስፈልገውንና ጥላ የሚያስፈልገውን ሰው አንድ ልብስ አያለብሱትም።

ሌላው መከራከሪያ የገንዘብ ነገር ነው። በእርግጥ የወረዳ በጀት ጠባብ ነው። ነገር ግን ከተባለው ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ብዙ ወጪ የሌለው ነው፤ ቀዳዳ መድፈን፥ መተንፈሻ መክፈት፥ ጆንያውን ከመሬት በርብራብ ከፍ ማድረግ፥ ከግድግዳው ማራቅና ቍልሉን ከጣራው ዝቅ ማድረግ። ከዚህ በኋላ ኮርኒስ ይመጣል፤ የሚገዛ ሽፋን ግን መጨረሻ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ክፍል ኮርኒስ ሲኖረው የዘሩ ጎተራ ባዶ ቈርቈሮ ይዞ የሚቀርበት ስፍራ ካለ፥ የሚጐድለው ገንዘብ ሳይሆን አሳብ ነው። ሹም የሞቀው እንደ ሆነ መስኮት ይከፍታል፤ ዘር ግን በር የሚከፍትለት ሹም ያስፈልገዋል።

የመረጡት ነገር መጥቀሙንም በወሬ ሳይሆን በመለኪያ ማወቅ ይገባል። አንድ የሙቀት መለኪያ በላይኛው ጆንያ ላይ፥ ሌላው በውጪ በጥላ ሥር ይሰቀል፤ በጧት፥ በቀትርና በማታም ተነብቦ በመዝገብ ይጻፍ። ጣራው ከመልበሱ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ያን ጊዜ ይታወቃል። የእህሉን እርጥበት ለመመርመር የሚበቃ መሣሪያ የሌለው ሰው ደረቅ ጨውና እህል በደረቀ ጠርሙስ አድርጎ አጥብቆ ይነቅንቀው፤ ጨው ከጠርሙሱ ጎን የተጣበቀ እንደ ሆነ እህሉ ከመቶ 15 እጅ የሚበልጥ እርጥበት አለውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። የዘሩን ሕይወት ለማወቅም በየወሩ ከላይኛውና ከታችኛው ጆንያ 100 ፍሬ 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ማብቀል ነው። ከላይኛው የበቀለው ከታችኛው ያነሰ እንደ ሆነ ጣራው ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ይህ ምርመራ በግንቦት ከተደረገ ሌላ ዘር ለመፈለግ ጊዜ አለ፤ በሐምሌ ግን የሚመረምረው ገበሬው ነው፤ መመርመሪያውም የዓመት ቀለቡ ነው።

ጣራን ማልበስ ትልቅ ድልድይ እንደ መሥራት አይታይም፤ በምረቃ ቀንም የሚቈረጥ ሪባን የለውም። ቢሆንም ከኮርኒሱ በላይ ያለው ያ ጠባብ የአየር ክፍተት የብዙ ቤተ ሰብ ማሳ የሚጠበቅበት ስፍራ ነው። በየቀበሌውና በየወረዳው ያለ የእርሻ ሹም መጀመሪያ በጧት ወደ ጎተራው ገብቶ የላይኛውን ጆንያ በእጁ ይዳስሰው፤ በቀትርም ተመልሶ ይዳስሰው። በጧት የራሰ፥ በቀትርም የጋለ ሆኖ ካገኘው፥ ከሌላ ከማንም ትእዛዝ እስኪመጣለት አይጠብቅ፤ የአገሩን አየር የሚያውቀው እርሱ ነውና የአገሩን ጣራም እርሱ ይምረጥ። በሐምሌ የሚበቅለው ቡቃያ በየካቲት ጣራ ሥር መጠበቅ እንዳለበት የተረዳ ሹም፥ ስሙን ማንም ባያነሣው እንኳ፥ ሥራው ከማሳው ላይ ይታይለታል።